ለኤፍራታ የተነፋ ብሉዝ

ባሏ ሃርሞኒካውን ወደ ከንፈሩ ሲያስጠጋ የሆቴሉ አዳራሽ ጸጥ ረጭ አለ። ትንሿ ልጃቸው ኤፍራታ አስሟ ተነስቶባት ከሞተች ወዲህ መድረክ ሲወጣ ገና የመጀመሪያው ነው።

"ይቺ ብሉዝ፣ ይቺ የሐዘን ዜማ፣ ለልጄ ናት" አለና ጀመረ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ "ሃርሞኒካ በስልክ ስሰማ እንዲህ አይነካኝም። ፊት ለፊት ሲሆን ግን ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል፤ እንደ ሰው እኮ ነው የሚያለቅሰው!" አለቻት።

የኤፍራታ እናት ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል ማዳመጧን ቀጠለች። ከሃርሞኒካው መጀመሪያ የመጣው ልጅቷን ሲያፍናት ከደረቷ የሚወጣው ያ ሲር ሲርታ ነው። ቀጥሎ ሃርሞኒካው ቁልጭ አድርጎ "አባዬ... አባዬ..." ብሎ ተጣራ። ከዚያ ትንፋሹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ይሄን መጨረሻውን እሷ ሰምታው አታውቅም። ያን ቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ ቤት የነበረው እሱ ነው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

"ይደገም! ይደገም!"

በልጅቷ አስከሬን ፊት ደረቱን እየደቃ፣ "እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር፤ ኮሽታ እንኳ አልሰማሁም" ብሎ የማለላት ባሏ፣ ለሰዉ እጅ ነሳና ሃርሞኒካውን እንደገና ወደ ከንፈሩ አስጠጋ።