«ባይ» ማለት

የሽሮሜዳ ታክሲ ወያላ ነኝ። ቤዛዊት ጠዋት ጠዋት በኛ ታክሲ ነው የምትሄደው፤ ያ መነጽራም ተማሪም ከአጠገቧ አይጠፋም።

ዛሬ ደግሞ እንግሊዝኛ ጀመረላት። «'ባይ' የምትዪው እኮ ድሮ 'እግዜር ካንቺ ጋር ይሁን' ማለት ነበር። ሰዉ ሲያሳጥረው ሲያሳጥረው እዚህ ደረሰ።»

አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ስል አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

ቅናት አንገበገበኝ። አንዲት ወፍራም እናት ከነዘንቢላቸው ሲገቡ፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ሰፊ ነው» ብዬ በሁለቱ መሃል ሰካኋቸው።

ቤዛዊት በዘንቢሉ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ያን ቀን ሂሳቤን ባትከፍልልኝ ኖሮ እኮ ዛሬም አንተዋወቅም ነበር» አለችው።

እሱ መነጽሩን እያስተካከለ ፈገግ አለ።

ያን ቀን ከማንም ሳልቀበል «ያንቺ ተከፍሏል» ያልኳት እኔ ነኝ።