ባሌ ልብሱን ራሱ ማጠብ የጀመረ ሰሞን

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም...

ለእናቴም ለእህቴም።

ነገሩ የጀመረው ባሌን ሱሪውን ሲያጥብ ያገኘሁት ቀን ነው።

የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ለቅልቆ የማያውቅ ሰው... ሳፋ ፊት ተቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የገዛ ሱሪውን ያሻል!

"ምነው?" አልኩት።

"ምን ምነው? ስታስተምሪ ውለሽ ትደክሚያለሽ ብዬ ነዋ" አለኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ባሌ በያጅ ነው። በዚያ ወፍራም ቱታ ውስጥ በላብ ተጠምቆ ነው የሚውለው። ድሮ ልብሱን ደጃፍ ላይ ጥሎ ነበር የሚገባው... ያን ሰሞን ግን ገላውን እዚያው ሥራ ቦታ ታጥቦ መምጣት ጀመረ። "ወገቤን አሞኛል" ብሎም ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት አመጣ።

ለእህቴ ነገርኳት። ቤተሰቡ "ራዲዮ" ነው የሚላት፣ ለምን እንደሆነ መቼም ይገባችኋል።

"አንቺ ሞኝ! ሱሪ መስሎሽ ነው የሚያጥበው?"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሽቶ ነዋ! የሌላ ሴት ሽቶ! ተምረሽ ተምረሽ ይሄ ይጥፋሽ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸሚዙን ማሽተት ጀመርኩ። ኪሱን ፈተሽኩ። ስልኩ ሲጮህ ጆሮዬ ይቆማል። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ አልጋ ሥር ሸጎጥኩ... ካረጋገጥኩ በዚያው ወደ እህቴ ቤት ልወጣ።

ግን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ።

እኔም የምደብቀው ነበረኝ።

ከዚያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ የቀሚሴ መታጠቂያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚሰፋ ሽፍታ ወጣብኝ። ማሳከክ ብቻ መሰላችሁ? ያሳብዳል! ከመድኃኒት ቤት ቅባት እየገዛሁ ቀባሁት። ይጠፋል... ይመለሳል። ሲመለስ ሰፍቶ ነው። ወደ ጀርባዬ ወጣ፣ ወደ ብሽሽቴ ወረደ...

ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

የሚያስቀው፣ እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስለ ፈንገስ የማስተምረው እኔው ነኝ! ተማሪዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ሲጽፉ ጀርባዬን ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር የማፋትገውም እኔው ነኝ።

ለባሌ መንገር ግን አቃተኝ። የመታጠቢያ ቤቱን በር መቆለፍ ጀመርኩ። በዚያ ሙቀት ወፍራም ቢጃማ ለብሼ እተኛለሁ። "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "በርዶኝ ነው" እላለሁ... ላቤ እየተንጠፈጠፈ።

በመጨረሻ ተደብቄ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ረጋ ያለች ትልቅ ሴት ናት። ከቆዳዬ ፍቃ ናሙና አስመረመረችና እንዲህ አለችኝ፦

"የኔ እህት፣ ይሄ ፈንገስ ስትቀቢው የነበረውን መድኃኒት ለምዶታል። አሁን አንድ መድኃኒት ብቻውን አይችለውም። የሚዋጥና የሚቀባ አጣምሬ እሰጥሻለሁ፤ አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ነው የሚመቱት። ሻል አለኝ ብለሽ አንዳቸውንም እንዳታቋርጪ።"

ቀጥላም፣ "አልጋም ሆነ ፎጣ የሚጋራሽ ሰው አለ? ካለ እሱም አብሮሽ መታየት አለበት" አለችኝ።

"የለም... ብቻዬን ነው የምኖረው።"

ዋሸሁ። ቀለበቴን በቦርሳዬ ሸፍኜ!

ሁለቱንም መድኃኒት በሥርዓቱ ወሰድኩ። ጠፋልኝ... በደስታ ላብድ ነበር... ተመልሶ መጣ። ሐኪሟም ግራ ገባት።

እኔ በዚህ መሐል ሆኜ ነው እንግዲህ ባሌን የምጠረጥረው።

አንድ ቅዳሜ "ትርፍ ሰዓት አለብኝ" ብሎ ወጣ። ሸሚዙን ተኩሶ! በያጅ ለትርፍ ሰዓት ሸሚዝ ይተኩሳል?

ልከተለው መሆኑን ለራዲዮ ደውዬ ነግሬ፣ ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ተከተልኩት። ከታክሲ ወረደ። ግራ ቀኝ ገላመጠና አንድ ሕንጻ ውስጥ ሹልክ አለ...

ቀና ብዬ ሕንጻውን አየሁት። የእኔ ሐኪም ያለችበት ሕንጻ ነው!

"ነቅቶብኛል... ስለ እኔ ሊጠይቃት ነው የመጣው" አልኩ በልቤ።

ደረጃውን ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ እኔ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ተራ ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"ተከትለሽኝ ነው?"

"አንተስ? እኔን ልትሰልል ነው?"

"አንቺን? ደግሞ አንቺ እዚህ ምን አለሽ?"

ጩኸታችንን ሰምታ ሐኪሟ በሩን ከፈተች።

"ትተዋወቃላችሁ እንዴ?"

"ሚስቴ ናት!" "ባሌ ነው!" አልን እኩል።

መነጽሯን አወለቀች።

"ሁለታችሁም 'ብቻዬን ነው የምኖረው' ነበር ያላችሁኝ..."

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

"እኔ ደግሞ ሁለቱ መድኃኒት ተጣምሮም አቃተው ብዬ ስጨነቅ! ለካስ ያልተጣመራችሁት እናንተ ናችሁ። አንዳችሁ ስትድኑ አንዳችሁ ትመልሱታላችሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ጀመረ።

"በሩን ስትቆልፊብኝ የላቤ ሽታ ያስጠላሽ መሰለኝ... ለዚህ ነው ሥራ ቦታ የምታጠበው። ይሄ ነገር ሲወጣብኝ ደግሞ ጭራሽ ትሸሸኛለች ብዬ ፈራሁ። ልብሴን ራሴ ማጠብ፣ ሶፋ ላይ መተኛት የጀመርኩትም እሱን ልደብቅሽ ብዬ ነው።"

ማልቀስ ጀመርኩ።

"አንድ ቀን ግን ቲቸር፣ ሸሚዜን ስታሸቺ በበሩ ስንጥቅ አየሁሽ። የናፈቅኩሽ መስሎኝ... ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።"

እውነቱን አልነገርኩትም። ዛሬ ካነበበው ይወቀው!

ማን ከማን እንደያዘው እስካሁን አናውቅም። እኔ የተማርኩት ግን ይሄን ነው... ሰው የሚደብቀው ሁሉ ክህደት አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ እፍረት ነው፤ ሁለት ሰው ለየብቻ ሲያፍር ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ክህደት ይመስላል።

በማግስቱ ጠዋት ራዲዮ ደወለች። "ያዝሽው? ሻንጣሽን ይዘሽ ትመጫለሽ?"

"ሻንጣውን አራገፍኩት" ብዬ ዘጋሁት።

አንሶላውንና ፎጣውን ሁሉ በፈላ ውኃ ዘፈዘፍኩ። መታጠቢያ ቤት ገባሁ... በሩን ሳልቆልፍ። ከዚያ ጠራሁት፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩና ቅባቱን በትከሻዬ ላይ አቀበልኩት።

ጀርባዬ መሐል፣ የራሴ እጅ ደርሶበት የማያውቅ ቦታ ነበር።

እናንተስ... ከቅርብ ሰዋችሁ ደብቃችሁ ለብቻችሁ ልታክሙት የምትታገሉት ነገር ምንድን ነው?