አንድ እግር ጫማ

በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ለተማሪዎች የሚለግሱት ምክር ብቻ አልነበረም፤ ከሥራ ዘመናቸው አንዱን ዓመት ከነትዝታው ያወርሷቸው ነበር። የተሰጠው ዓመት ታዲያ ከሰጪው አእምሮ ይጠፋል። የድልድይ መሐንዲሷ አስካለም ጋምቤላ የሠራችበትን የመጀመሪያ ዓመቷን ናርዶስ ለተባለች ተማሪ አወረሰች። ባሏን ኦባንግን የተዋወቀችውም በዚያው ዓመት ነበር።

ናርዶስ ልታመሰግናት የመጣች ቀን፣ አስካለ አንድ እግር ብቻ የቀረ አሮጌ ቦት ጫማ ለቆራሌው ልትሰጥ ስትወጣ በር ላይ ተገናኙ። ኦባንግ ከኋላዋ ቆሞ ያያል።

«ይቅርታ ኢንጂነር፣ እሱንስ አይስጡት» አለች ልጅቷ። «ሌላኛው እግር ረግረግ ውስጥ የቀረው እሳቸው እርስዎን ጎትተው ሲያወጡ ነው። ያን ቀን ነው የወደድኳቸው... የወደዷቸው ማለቴ ነው» ብላ በሐፍረት አቀረቀረች።

አስካለ ጫማውን እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ።»

አስካለ ቆራሌውን አሰናበተች። እንግዳዋን አስገብታ ከኦባንግ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቢመስለኝም ግድ የለም» አለችው፤ «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»