የሩጫ ቀን

የከተማው አየር የማይተነፈስ ከሆነ ወዲህ ለአንድ ቤት በቀን የሚታደለው አንድ ሲሊንደር አየር ብቻ ነው። ምንትዋብ ከሱ ላይ በትንሿ ጠርሙስ ቀድታ ጀርባዋ ላይ አዘለች። ሐኪሙ "ልብሽ እንዲበረታ በሳምንት ሦስት ቀን ሩጪ" ካላት ገና አሥር ቀኗ ነው።

ባሏ ደምሰው ድሮ ሯጭ ነበር። የጫማዋን ክር እያሰረላት፣

"ስትጀምሪ አትቸኩይ" አላት። "ሁለት ደቂቃ ሩጪ፣ ሁለት ደቂቃ ተራመጂ። እያወራሽ መሮጥ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው።"

"ከማን ጋር ላውራ?"

"ከራስሽ ጋር።"

ከዚያ ዝም አለ፤ ወሬም አየር ይፈጃል። ሄዶ ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከማህደር አጠገብ ተጋደመ። በሩጫ ቀን አባትና ልጅ ከአልጋ አይነሱም፣ አይነጋገሩም፤ የተረፈው አየር እስከ ማታ እንዲያደርሳቸው።

ምንትዋብ ከደጅ ወጥታ ቁልቁለቱን ስታይ እግሯ አላስችል አላት። ከልጅነቷ ወዲህ ሰውነቷ እንዲህ ቀልሏት አያውቅም። ምክሩን የረሳችው ያኔ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ጠርሙሱ ባዶ ለመሆን ተቃረበ። እየተጎተተች ቤት ገባችና ትንፋሿ እስኪመለስ ከትልቁ ሲሊንደር ሳበች። ደምሰው ቀና ብሎ አያት።

ማህደር ከትራሷ ሥር ደብተር አውጥታ ጻፈችና ዘረጋችላት።

"እማዬ፣ ጨረስሽ? አሁን መሳቅ እችላለሁ?"

ምንትዋብ የሲሊንደሩን መለኪያ አየች። እርሳሱን ተቀብላ "ነገ" ብላ ጻፈች። ከሱ በላይ፣ ባለፈው ሳምንት በደምሰው እጅ የተጻፈ ሌላ "ነገ" ነበር።