ጡሪ ያላቋረጠችው ወሬ

መምህርት ጡሪ እጇ ለማቋረጥ ሲነሣ አየችውና ጭኗ ሥር ሸጎጠችው። ባለፈው ሳምንት ሞያሌ ላይ፣ ስለ ሰው ጠባይ በተሰጠ ሥልጠና የሞላችው መጠይቅ «አዛዥ» ብሏት ነበር፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የምትመልስ። ያን ዕለት ስቃበት ወጣች። አሁን ግን ከሶሎሎ የመጣችው ታናሽ እህቷ ሀዋኦ ከፊቷ ተቀምጣ «ቤቴ ውስጥ...» ብላ ቀጥ አለች። «ታገሺ» የሚለው ቃል ጡሪ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?» አለች ሀዋኦ ግራ ገብቷት። ሻሿን ፈታ አንገቷን አሳየቻት፤ ጣት ያረፈበት ቦታ ጠቁሯል። «ይመታኛል፣ እህቴ። ይህን ልነግርሽ ስመጣ አራተኛዬ ነው።»

ጡሪ ሦስቱን ጊዜ አስታወሰች። ሦስቱንም ጊዜ መክራ፣ ስኳር አስይዛ፣ ወደ ባሏ የመለሰቻት ራሷ ነበረች።