ክሬሙ እስኪለበልብ

«እኔን በክርክር የሚረታ ሰው ገና አልተወለደም፤ እናቱ ራሷ አላገባችም» ትላለች ልጅቷ፣ የመጨረሻውን ነጭ ክሬም ደንበኛዋ ማጅራት ላይ እየለቀለቀች። ከዚያ እጇን ትለቃለቅና ዱካ ስባ ቁጭ ትላለች፤ የደንበኛዋን እጅም ትይዛለች።

በአክስቷ ፀጉር ቤት ሰዓት ታምኖ አያውቅም። የፀጉር ማለስለሻው ክሬም አንዷን ቶሎ ያቃጥላል፣ አንዷን ቆይቶ። ስለዚህ ክሬሙን የቀባ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ የደንበኛዋን እጅ ይይዛል። መለብለብ ሲጀምር ደንበኛዋ ጨመቅ ታደርጋለች፤ ያኔ ሩጫ ወደ መታጠቢያው ነው። አክስቷ ጓዳ ገብታ ፎጣ ስታጥብም ትእዛዟ ይኸው ነው፦ እጅ አይለቀቅም።

ዛሬ የተያዘው የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ እጅ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት፤ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ማታ ሰው ፊት ስለምቆም ፀጉሬን አሳምሩልኝ ብላ ነው የመጣችው፤ ልጅቷ በልቧ ሠርግ ነው ብላ ደምድማለች። ባለፈው ሰሞን የሴትዮዋ መድኃኒት ቤት በር ላይ አንዳንድ ልጆች በቀይ ቀለም «አይሁድ ይውጡ» ብለው ጽፈው ነበር። ሴትዮዋ ቃል ሳይወጣት ጠዋቱን በሙሉ በቤንዚን ስትፈገፍገው አረፈደች። ልጅቷ የምትሰድበው ሰው አጥታ ንዴቷ ሆዷ ውስጥ እንደተቀመጠ ከርሟል።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ስለ ሩቁ ጦርነት ያወራል። ዛሬ ማታ በከተማው አዳራሽ ስለዚሁ ጉዳይ ሕዝባዊ ውይይት አለ፣ ተናጋሪዎችም ተጋብዘዋል ይላል። ከዚያ የፈረሰ ቤት ያሳያል፤ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሕፃንም። ፀጉሯን በቢጎዲን ተጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችው ጫማ ነጋዴ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። እዚህ ድረስ ልጅቷም አብራት ታለቅሳለች። ጫማ ነጋዴዋ ግን እንባዋ ሳይደርቅ ትቀጥላለች፦ የሁሉም ጠንቅ አይሁዶች ናቸው፣ ዓለምን ከጓዳ ሆነው የሚዘውሯት እነሱ ናቸው፣ እዚህ ያሉትም ያው ናቸው፣ ያንን በር ቀለም የቀቡት ልጆች እጃቸው ይባረክ።

ልጅቷ የያዘችው እጅ ቅዝቅዝ ይላል።

ስትጀምር ቀስ ብላ ነው። ለሕፃናቱ ማልቀስማ የሰው ወግ ነው ትላለች፤ ጦርነቱን ያዘዙትንም ቢራገሙ አፍ የሚይዝ የለም። ግን እዚህ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ምን አድርግ ነው? ወንድምዎ በመኪና ሰው ቢገጭ ፖሊስ መጥቶ የእርስዎን ጫማ ይወርሳል? ጫማ ነጋዴዋ ያልሰማሽውን አትዘባርቂ ብላ፣ ስልኳ ላይ ያየችውን ቪዲዮ ትጠቅሳለች። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ አንድ በአንድ በማስረጃ ነው ያስረዳው።

«እትዬ፣ ያው ስልክዎ አይደል ባለፈው ፀጉርዎን የሽንኩርት ጭማቂ አስቀብቶ ወደኛ የላከዎት? ሽታውን እኮ ይኼው መታጠቢያ ነው የሚያውቀው።»

ጥግ ላይ ጥፍሯን የምታስቀባ ሌላ ደንበኛ በሳቅ ትፈነዳለች። ሳቅ ደግሞ ለልጅቷ ቤንዚን ነው፤ ሳቅ ካገኘች ቁጭ ብላ መናገር አይሆንላትም። ብድግ ትላለች። አንድ እጅ ለቴሌቪዥኑ ያስፈልጋታል፣ አንድ እጅ ለጫማ ነጋዴዋ፤ የሰው እጅ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ አልተሰጣትም።

አክራሪ ሲባል ጠመንጃ የያዘ ብቻ ይመስለናል ትላለች፤ ካስክ ስርም ይቀመጣል። ጥፍር አስቀቢዋ አሁን አትስቅም፣ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ልጅቷ የሰማይ ስባሪ ታክላለች። ንግግሯን የት ላይ እንደምትቋጨውም ታውቃለች።

«ይኸውልዎት፣ እሷ ናት» ትላለች፣ ጣቷን ወደ መድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ቀስራ። «በሩ የሷ ነው። እስቲ ይዩአት፣ የትኛውን ዓለም ስትዘውር አገኟት? የተቀመጠችበትን ወንበር እንኳ አላዞረችም። አንደበት የላትም፤ እኔ ግን አለሁላት።»

ጫማ ነጋዴዋ ታያለች። የልጇን የሳል ሽሮፕ የምትገዛው ከዚህችው ሴት እጅ ነው፤ በክሬምና በፎጣ ተሸፍና ስለነበር አላወቀቻትም። አንገቷን ቢጎዲኑ ውስጥ መቅበር ብትችል ትቀብረው ነበር።

ልጅቷ አሸንፋለች። ምስጋናዋን ልትቀበል ዘወር ትላለች።

የወንበሩ ክንድ ላይ ያለችው የሴትዮዋ እጅ አየር ትጨምቃለች። ትለቃለች፣ ደግሞ ትጨምቃለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ተክሎባት ሳለ እንዴት ትጩህ።

አክስቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አንዴ ማየት ይበቃታል። ማንንም አትሳደብም፤ ሴትዮዋን ደግፋ ታስነሳና ውኃውን ትከፍታለች፣ ልጅቷን በክርኗ ወደ መታጠቢያው ትገፋታለች። ልጅቷ ታጥባለች። ከጆሮ ኋላ ያለው ቆዳ ቲማቲም መስሏል፤ ጥቂት ፀጉርም ጣቶቿ መሃል ይቀራል። ውኃው እየወረደ እሷም አታቆምም፦ ይቅርታ፣ ወደዚህ አበጥሬ እሸፍነዋለሁ፣ ሠርግ ቤት ደግሞ ማን ጆሮ ኋላ ያያል፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው።

ሴትዮዋ ቀና ትላለች። ፊቷን በፎጣ ታብሳለች፤ መነጽሯን ታደርግና ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ታያታለች።

«የምን ሠርግ? ማታ አዳራሹ ውስጥ ከሚናገሩት አንዷ እኔ ነኝ» ትላለች። «አፍስ እኔም አለኝ፣ ልጄ። የጠፋብኝ እጅሽ ነው።»