ሁለት ፍርድ

ዳኛዋ የገባችው በዳኞች በር ነው። የዲሲፕሊን ጉባኤው ቢሮ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ጉዳይዋ በራሷ ችሎት እንደሚታይ ሲነገራት "እሺ" አለች እንጂ፣ እግሯ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ መሆኑን አላሰበችም። ከመድረኩ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ጀርባ ብቅ አለች።

"ምነው፣ ከእኛ ጋር ልትፈርጂ ነው?" አለ ሰብሳቢው ዞር ብሎ።

አብረው የሠለጠኑ ናቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ይሳሳቁ ነበር። ደረጃውን ወርዳ ተከሳሽ ከሚቆምበት ቆመች። መድረኩ ከታች ሲያዩት እንዲህ ከፍ ያለ መሆኑን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ክሱ አጭር ነው፤ መዝገብ አዘግይታለች። እናቷ የሞተችባትን አንዲት ሕፃን አባቷ "ልጄን ስጡኝ" ይላል፤ አክስቷ "ያሳደግኳት እኔ ነኝ" ትላለች። ዳኛዋ ለምርመራ ቀጠረች፤ ለውሳኔ ቀጠረች፤ መልሳ ደግሞ ለምርመራ ቀጠረች። በመጨረሻ አባትየው አቤት አለባት። ዛሬ የምትናገረው ነገር ካላሳመነ ካባዋን አውልቃ ትሄዳለች።

"ተናገሪ እንጂ" አለ ሰብሳቢው። "ጉቦ እንዳንል እጅሽ ንጹሕ ነው። ስንፍና እንዳንል፣ ከዚህ ቤት መጨረሻ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ምን ያዘሽ?"

"ጽፌዋለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ፍርዱን።"

"ታዲያ ምን ቀረሽ?"

"ሁለት ነው የጻፍኩት።"

ልማዷ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዳይ አንድ ቀን ለከሳሽ ትፈርዳለች፣ በማግስቱ ለተከሳሽ። ከዚያ ሁለቱን ታጋጥማቸዋለች። የወደቀውን ትቀደዋለች፤ በቆመው ላይ ትፈርማለች። ሁልጊዜም አንዱ ይወድቅ ነበር። በዚህኛው ግን ብትገፋቸው ብትገፋቸው ሁለቱም አልወድቅ አሏት።

"እስቲ ያምጧቸው" አለ በቀኝ የተቀመጠው። ባልደረቦቹ ምላጩ ይሉታል፤ መዝገብ ሲቆርጥ እጁ አይንቀጠቀጥም። ዳኛዋ ሁለቱንም ወደ መድረኩ አቀበለች፤ አንዱን እሱ ወሰደና ዓይኑን አሯሯጠበት። "በቃ! የአባት ነው። ይሄን ለመፈረም ይሄ ሁሉ ጭንቅ?"

"እኔ የያዝኩትንስ አይተኸዋል?" አሉ በግራ ያሉት አሮጊት። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ወረቀቱን አሻገሩለት።

አነበበው። ግንባሩን አከከ። ከላይ ጀመረና እንደገና አነበበው። "ቢሆንም" አለ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ፣ "አባት እያለ?"

"ልጅቷ በትኩሳት ስትቃጠል የት ነበር አባት?"

"ሥራ ላይ ነዋ!"

"አክስትየዋስ? ሥራ ፈት መሰለችህ?"

"እትዬ፣ እሱ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው…"

"ምኑ ነው ሌላው?"

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። "እናንተም ልትቀጥሩ ነው እንዴ? ውሃ ስንወቅጥ ልንውል ነው?" ከዚያ ወደ ዳኛዋ ጎንበስ አለ። "ስሚ፣ እህቴ። ብትሳሳቺ ይግባኝ አለ። ዝም ብትዪ ግን ምን አለ? ባንዱ ፈርሚ። አሁን፣ እዚሁ። እኛም በማስጠንቀቂያ እንዘጋዋለን።"

"በጉባኤ ፊት ፍርድ ይፈረማል? ይሄ ሕግ ነው?" አሉ አሮጊቷ።

"ሕጉማ ካባዋን ውሰዱ ነው የሚለው፣ እትዬ።"

ሁለቱን ወረቀትና እስክሪብቶውን ወደ መድረኩ ጠርዝ ገፋላት። ለመውሰድ በእግር ጣቶቿ ጫፍ መቆም ነበረባት። የሁለቱን የመጀመሪያ መስመር አየች፤ አንድ ነው፤ "ሕፃኗ አፏን ያልፈታች በመሆኗ ፍላጎቷን መጠየቅ አልተቻለም።" ስትጽፈው እውነት ነበር። ልጅቷ ያኔ በአክስቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷት፣ ልጋጓ በልብሷ ላይ እየወረደ ነበር የመጣችው።

"እንጠብቅሻለን" አለ ሰብሳቢው።

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። በየትኛው ላይ እንዳሳረፈችው ራሷም አላወቀችም።

ከበሩ ማዶ፣ አባትና አክስት ለምስክርነት እስኪጠሩ ከሚጠብቁበት አግዳሚ በኩል፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፊደል በፊደል እየፈታ ነው።

"ች… ሎት… ላይ… ነን… በ… ጸ… ጥ…"

"እሺ፣ ቀጥዪ" አለ ወንድ።

"ራሷ ታንብበው፣ አትርዳት!" አለች ሴት።

"መቼ ረዳኋት?"

"በጸጥታ!" አለ ቀጭኑ ድምፅ፣ ድል እንዳደረገ ሰው እየጮኸ።

ምላጩ "ዝም በሉ!" ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። አሮጊቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ዳኛዋ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሳች፤ ከሥሩ አንዲት የቀለም ነጥብ ቀርታለች። ወደ በሩ ዞረች።

ከውጭ ልጅቷ የመጨረሻው ቃል ላይ ደርሳለች። ከብዷት ቆመች፤ ተነፈሰችና እንደገና ጀመረች።

"ይ… ይጠ… ይጠብ…"